የሳምንቱን ፓራሻ ከእሑድ እስከ ሰንበት፦ ምንባቡን ማግኘት፣ ማጥናት፣ ለዓሊያ (ወደ ኦሪቱ ለመጠራት) መዘጋጀት

ብዙ ሰው ፓራሻን፣ ማለትም በየሳምንቱ በምኩራብ የሚነበበውን የኦሪት ክፍል፣ የሰንበት ጠዋት ጉዳይ ያደርገዋል። ምኩራብ ይገባል፣ ሑማሹን (የታተመውን የኦሪት መጽሐፍ) ከመደርደሪያው ያነሣል፣ «ገጹ ስንት ነው?» ብሎ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል። አንባቢው ጥቂት እንደተራመደ መሥመሩ ይጠፋበታል፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ይዞ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ዕብራይስጡ ስላነሰው አይደለም። የሳምንት ሥራ የሆነውን ነገር በአንድ ጠዋት ሊጨርስ ስለፈለገ ነው። ከእሑድ ጀምሮ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል የሰጠ ሰው ሰንበት ጠዋት የሚያውቀውን ነው የሚያዳምጠው።

መመሪያው የዕብራይስጥ ፊደል ለቆጠረ፣ ትርጉሙን ግን በአማርኛ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ልጃቸውን ለባር ሚጽቫ (ትእዛዛቱን ለመጠበቅ ለሚደርስበት በዓል) የሚያደርሱ ወላጆችም ከሦስተኛው እርምጃ ጀምሮ ያለውን አጥብቀው ቢይዙት ይጠቅማቸዋል።

1. የዚህ ሳምንት ፓራሻ የቱ ነው?

ኦሪት በ54 ፓራሻ ተከፍሏል፦ ዘፍጥረት 12፣ ዘጸአት 11፣ ዘሌዋውያን 10፣ ዘኍልቍ 10፣ ዘዳግም 11። ዑደቱ የሚያልቀውም የሚጀምረውም በሲምሐት ቶራ በዓል ነው፤ የዘዳግም መጨረሻ ተነብቦ ወዲያው ዘፍጥረት ይከፈታል። የፓራሻው ስም የሚወሰደው ከመክፈቻው ቃላት ስለሆነ እንደ ርእስ አትዩት። «ሐዬ ሳራ» የሣራ ዕድሜ ማለት ነው፤ ምንባቡ ግን የሚጀምረው በሞቷ ነው።

54 ፓራሻ በዓመቱ ሰንበቶች ላይ እኩል አይደለደልም። ተራው ዓመት 50 ወይም 51 ሰንበት አለው፣ የአዳር ወር ሁለት ጊዜ የሚመጣበት ዓመት 54 ወይም 55፤ ከነዚህም የተወሰኑትን በዓላት ይወስዷቸዋል። ስለዚህ እንደ ዓመቱ ሁኔታ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነበቡ ሰባት ጥንዶች አሉ፦ ቫያቅሄል ከፐኩዴ፣ ታዝሪያ ከመጾራ፣ አሐሬ ሞት ከቅዶሺም፣ ብሃር ከብሑቆታይ፣ ሑቃት ከባላቅ፣ ማቶት ከማስዔ፣ ኒጻቪም ከቫዬሌኽ። ሑቃትና ባላቅ የሚጣመሩት ከእስራኤል ውጭ ብቻ ነው።

ሰንበቱ በዓል ወይም ሖል ሀሞዔድ (የበዓሉ መካከለኛ ቀን) ከሆነ የሳምንቱ ፓራሻ ይቆማል፤ የበዓሉ ምንባብ ይገባና ፓራሻው ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። ይህን ያላየ ሰው የፔሳሕን (የፋሲካን) ሰንበት ሲያጠና ሰንብቶ ምኩራብ ሲደርስ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቶ ያገኛል።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው የእስራኤልና የውጭው አገር ልዩነት ነው። እስራኤል ውስጥ አንድ ቀን የሚከበረው በዓል ውጭ ሁለት ቀን ይከበራል። ያ ሁለተኛ ቀን ሰንበት ላይ ሲውል እስራኤል ወደሚቀጥለው ፓራሻ ታልፋለች፣ ውጭ ያሉት በዓል ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2026 የሻቩዖት በዓል ዓርብ ሜይ 22 (ግንቦት 14 ቀን 2018) ነው። በማግስቱ ሰንበት እስራኤል ናሶን ታነባለች፤ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ምኩራብ ግን ናሶ የሚደርሰው በሳምንቱ ነው። ልዩነቱ የሚዘጋው ጁን 27 (ሰኔ 20) ነው፤ ያን ሰንበት እስራኤል ባላቅን ብቻ ስታነብ ውጭ ያሉት ሑቃትንና ባላቅን አጣምረው ይደርሱባታል። በእነዚያ ሳምንታት ከቴል አቪቭ ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው አንዱን ፓራሻ ደግሞ ይሰማል። ወደ እስራኤል የሚመጣ ዘመድ ግን አንድ ፓራሻ ያመልጠዋል፤ ያን ቀድሞ ለብቻው ያንብበው።

ስልክ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ሄብካልም ሆነ ሰፋሪያ የሚባሉት ገጾች የሳምንቱን ፓራሻ ያሳያሉ። ሄብካል ላይ «እስራኤል» ወይም «ዳያስፖራ» የሚለውን ምርጫ አንድ ጊዜ አስተካክሉት፤ በፀደይ ወራት ስልኬ ተሳሳተ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ምርጫ ተዘንግቶ ነው።

የቀን መቍጠሪያ ከሌላችሁ የማይነቃነቁ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ ድቫሪም ሁልጊዜ ከቲሻ ብአቭ ጾም በፊት ያለው ሰንበት ነው፣ ቫኤትሐናን ከጾሙ ቀጥሎ ያለው፣ ኒጻቪም ከሮሽ ሀሻና (ከአዲስ ዓመት) በፊት ያለው። ሮሽ ሀሻና ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከዋለ ኒጻቪምና ቫዬሌኽ ይለያያሉ፤ በሌላ ቀን ከዋለ አብረው ይነበባሉ።

2. ፓራሻውን ለሰባት ቀን መክፈል

ሰንበት ጠዋት ሰባት ሰው ይጠራል፤ ምንባቡ አስቀድሞ በሰባት ዓሊያ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጠሪ በሚደርስ ክፍል፣ የተከፈለ ነው። እናንተም የቤት ጥናታችሁን በዚሁ ክፍፍል አድርጉት፦ እሑድ አንደኛው፣ ሰኞ ሁለተኛው፣ እስከ ሰንበት ሰባተኛው። ሑማሹ ላይ «ሼኒ»፣ «ሽሊሺ»፣ «ርቪዒ»፣ «ሐሚሺ»፣ «ሺሺ»፣ «ሽቪዒ» የሚሉት ቃላት የክፍሎቹ መጀመሪያ ናቸው።

ክፍሎቹ ግን እኩል አይደሉም። ሌኽ ለኻን እንይ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2026 (ጥቅምት 14 ቀን 2019) የሚነበበው ነው። ከዘፍጥረት 12፥1 እስከ 17፥27 ሲሆን 126 ቍጥር አለው፦

አንደኛ 12፥1–13፤ 13 ቍጥር።
ሁለተኛ 12፥14–13፥4፤ 11 ቍጥር።
ሦስተኛ 13፥5–18፤ 14 ቍጥር።
አራተኛ 14፥1–20፤ 20 ቍጥር።
አምስተኛ 14፥21–15፥6፤ 10 ቍጥር።
ስድስተኛ 15፥7–17፥6፤ 37 ቍጥር።
ሰባተኛ 17፥7–27፤ 21 ቍጥር።

ስድስተኛው ዓርብ ላይ ወድቋል፤ ከሁሉም የረዘመ ነው። ዓርብ ደግሞ ዳቦ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ቤት የሚጸዳበት፣ ፀሐይ የምትቸኩልበት ቀን ነው። በዚህ ሳምንት ሐሙስ አሥሩን ቍጥር ጨርሳችሁ እስከ 15፥21 ቀጥሉ፤ ለዓርብ የአጋርን ታሪክና የ17ኛውን ምዕራፍ መክፈቻ ብቻ ተዉለት። በየሳምንቱ እሑድ ሑማሹን ስትከፍቱ መጀመሪያ የዓርቡን ክፍል ርዝመት ተመልከቱ። ሳምንቱን የሚያበላሸው እሱ ነው።

አንደኛውን ክፍል ግን አታሳንሱት። ከመጪው ፓራሻ መጀመሪያ በሰንበት ሚንሓ (በከሰዓት በኋላው ጸሎት)፣ ሰኞ ጠዋትና ሐሙስ ጠዋት ለሦስት ሰው ተከፍሎ ይነበባል፤ ሰንበት ጠዋት ደግሞ ሙሉው ይመጣል። የፓራሻው መክፈቻ በሳምንት አራት ጊዜ ይሰማል ማለት ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው በደንብ የሚያጠናው አንድ ክፍል ካለ ይህ ይሁን።

3. ሁለት ጊዜ በዕብራይስጥ፣ አንድ ጊዜ በትርጓሜ

ታልሙድ፣ ብራኾት በሚባለው ክፍሉ ገጽ 8 ላይ፣ ሰው ፓራሻውን ከማኅበሩ ጋር እኩል ይጨርስ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ንባቡን፣ አንድ ጊዜ ትርጓሜውን። የጥንቱ ትርጓሜ የኦንቀሎስ አራማይክ ነው፤ የሊቁን የራሺን ማብራሪያ የሚያነቡም አሉ። አራማይኩ ለማይገባው ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብን የሚፈቅዱ ራቢዎች ስላሉ የራሳችሁን ራቢ ጠይቃችሁ አማርኛውን በዚያ ቦታ አስገቡት። ለቤተ እስራኤል እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ ቄሶቹ ኦሪትን በግዕዝ አንብበው ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጕሙ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቍጥር ድምፅ አውጥታችሁ በዕብራይስጥ አንብቡ። ያንኑ ድገሙ፤ በዚህኛው የተደናቀፋችሁበትን ቃል አስተካክሉ። ከዚያ አማርኛውን አንብቡና ወደሚቀጥለው እለፉ። ልምድ ስታገኙ በቍጥር ፈንታ አንቀጽ በአንቀጽ ሂዱ፤ ሑማሹ ላይ ክፍት ቦታ የተተወበት የአንቀጹ ማብቂያ ነው። በዓይን ብቻ ማንበብ አይቈጠርም፤ ከንፈርም ጆሮም ይሥሩ።

አያት ወይም ወላጅ አማርኛውን፣ ልጅ ዕብራይስጡን የሚያውቅበት ቤት ካለ ዓርብ ማታ ገበታ ላይ ልጁ አንድ ቍጥር ሁለቴ ያንብብ፣ አያቱ በአማርኛ ይመልሱለት። ልጁ የማያውቀውን ትርጉም ያገኛል፣ አያቱ ዕብራይስጡን ይለምዳሉ። አሥር ቍጥር ይበቃል፤ ሠላሳ ካላችሁ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ልጁም በሚቀጥለው ሳምንት ይሸሻል።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስትጠቀሙ የቍጥር አለመግጠም ያጋጥማችኋል። ለምሳሌ ቫይሽላሕ በዕብራይስጡ ዘፍጥረት 32፥4 ላይ ይጀምራል፤ በብዙዎቹ የአማርኛ እትሞች ግን ያዕቆብ ወደ ዔሳው መልእክተኞች የላከበት ቃል 32፥3 ነው። ጻቭ በዕብራይስጥ ዘሌዋውያን 6፥1 ሲሆን በሌላው አቈጣጠር 6፥8 ይሆናል። ስለዚህ ቍጥሩ ሲያሳስታችሁ ቃሉን ፈልጉ። የግዕዙ ኦሪት ደግሞ ከግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት የተተረጐመ በመሆኑ አልፎ አልፎ ይዘቱም ይለያል፤ አዳም ሴትን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130 ዓመቱ ነው፣ በግዕዙ 230። ሁለቱን ለማስታረቅ ገበታ ላይ አትከራከሩ፤ በምኩራብ የሚነበበው የዕብራይስጡ ነው።

ጊዜው፦ ከሁሉ የተሻለው ከሰንበት ቀን ምግብ በፊት መጨረስ ነው። ካልሆነ እስከ ሚንሓ፣ ካልሆነ እስከ ማክሰኞ።

4. ከብራናው ማንበብ

ምኩራብ ውስጥ በሚነበበው የብራና ጥቅል ላይ አናባቢ የለም፣ የዜማ ምልክት የለም፣ ነጥብም ሆነ የቍጥር ምልክት የለም። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ በእኛ ፊደል እንየው። ፊደላችን ሁሉ በመጀመሪያው ቤት ብቻ ቢጻፍ ኖሮ «በለ» የሚለው በላ፣ ብላ፣ ባለ ወይም ቢል ሊሆን ነው። የብራናው አንባቢ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አጥንቶ ስለመጣ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥናት «ቲኩን» የሚባለው መጽሐፍ ያስፈልጋል። በአንደኛው ዐምድ ጽሑፉ ከነአናባቢውና ከነዜማ ምልክቱ (ጠዓሚም) ይገኛል፤ በሌላው ዐምድ ያው ጽሑፍ እንደ ብራናው ራቁቱን። አካሄዱ በሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ ከአናባቢው ጋር ብቻ፣ እስካትደናቀፉ ድረስ። ቀጥሎ በዜማው። በመጨረሻ አናባቢ ያለበትን ዐምድ በወረቀት ሸፍኖ ከራቁቱ ዐምድ። ብዙ ልጆች ዜማውን በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ብቻ ይሸመድዱና ብራናው ፊት ሲቆሙ ዓይናቸው የት እንዳለ አያውቁትም፤ አንድ ቃል ከዘለሉ መመለሻ ያጣሉ። ድምፁን ለዜማ ስሙት፣ ንባቡን ግን ከገጽ ተማሩ።

የዜማ ምልክት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የት እንደሚታረፍ ይናገራል። የሌኽ ለኻን የመጀመሪያ ቍጥር ውሰዱ፦

«ቫዮሜር ሀሼም ኤል አቭራም፣ ሌኽ ለኻ ሜአርጸኻ ኡሚሞላድተኻ ኡሚቤት አቪኻ፤ ኤል ሀአሬጽ አሼር አርኤካ።»

«አቭራም» ላይ ዛቄፍ ቃጦን አለ፤ እንደ ነጠላ ሰረዝ አጠር ያለ ማረፊያ ነው። «አቪኻ» ሥር ኤትናሕታ አለ፤ የቍጥሩ ትልቁ መካከለኛ ማረፊያ ነው፣ እንደ ድርብ ሰረዝ ያዙት። መጨረሻው ሶፍ ፓሱቅ ነው፤ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይታተማል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ በግዕዝ መጻሕፍት ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፣ በዕብራይስጡ ግን ቍጥሩ ማለቁን ነው የሚነግራችሁ። አዲስ አንባቢ መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ በእርሳስ ያክብባቸው። «ከአገርህ፣ ከተወለድህበት፣ ከአባትህም ቤት» የሚለው ሁሉ ከአንድ ማረፊያ በፊት መሰብሰቡ፣ «ወደማሳይህ ምድር» ብቻውን መቅረቱ ያኔ ይሰማችኋል።

ጋባዩ (የንባቡን ሥርዓት የሚመራው) ወይም አጠገብ የቆመው ሰው አስቁሞ የሚያርማችሁ ትርጉም የሚለውጥ ስሕተት ሲሆን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ላይ የሚበዙት እነዚህ ናቸው፦

አቭራምና አቭራሃም። በአፋችን የገባው «አብርሃም» ስለሆነ ከ17፥5 በፊት ሳናስበው «አቭራሃም» እንላለን። እስከዚያ ቍጥር ድረስ አቭራም ነው፤ ሚስቱም እስከ 17፥15 ሳራይ ናት።

ኸ፣ ሐ እና ሀ። አማርኛችን እነዚህን አቀላቅሏቸዋል። «ለኻ» ስንል ኸው ከጕሮሮ መውጣት አለበት፤ «ለሃ» ካላችሁ ቃሉ ተበላሽቷል። ብ እና ቭ፣ ፕ እና ፍ የሚለዩት በፊደሉ ውስጥ ባለች ነጥብ ነው፤ ነጥቧ ብራናው ላይ ስለሌለች በጥናት ትያዝ።

«ቫ» እና «ቭ»። «ቫዮሜር» ማለት «እርሱም አለ» ነው። በ«ቭ» ካነበባችሁት ያለፈው ነገር ገና ወደፊት የሚሆን ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ይታረማል።

የድምፅ ጫና። ቫዬጼ ላይ፣ ዘፍጥረት 29፥6 ራሔል «ባኣ» ሲል ጫናው መጨረሻው ላይ ነው፤ እየመጣች ነው ማለት ነው። በ29፥9 ያው ቃል ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፤ መጣች። የግዕዝ ንባብ ተነሽና ወዳቂን የተማረ ሰው ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

የተጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ የሆኑ ቃላትም አሉ። ሐዬ ሳራ ላይ ስለ ርብቃ «ናዓር» ተብሎ የተጻፈው «ናዓራ» ተብሎ ይነበባል። ቲኩኑ ያመለክታችኋል፤ በብራናው ላይ ግን ምንም ምልክት አታገኙም።

ለባር ሚጽቫ ልጅ ምን ያህል ይበቃል? የሌኽ ለኻ ማፍቲር (የመጨረሻው አጭር ንባብ) 17፥24–27፣ አራት ቍጥር ብቻ ነው፤ ፊደል የሚያነብ ልጅ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይይዘዋል። ሰባተኛውን ዓሊያ በሙሉ፣ 21 ቍጥር፣ ለማንበብ ሁለትና ሦስት ወር ስጡት። ሙሉ ፓራሻ ለሚያነብ ከግማሽ ዓመት በታች አንመክርም። ከማፍቲሩ በኋላ የሚመጣው ሀፍታራ (ከነቢያት የሚነበበው)፣ ለሌኽ ለኻ ኢሳይያስ 40፥27–41፥16፣ የራሱ ዜማ ስላለው ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። አጥርቶ የተነበበ አራት ቍጥር ከተንገዳገደ ሙሉ ፓራሻ ይሻላል፤ ልጁም በደስታ ያስታውሰዋል።

5. ወደ ኦሪቱ ስትጠሩ

ጋባዩ አስቀድሞ ስማችሁን ይጠይቃል። የሚፈልገው ስምና የአባት ስም ነው፦ «ዳቪድ በን መንግሥቱ»። የአገራችን አጠራር ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እስራኤል ውስጥ መታወቂያ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበው ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። ያን አትስጡት፤ የአባታችሁን ስጡ።

መጀመሪያ የሚጠራው ኮሄን ነው፣ ሁለተኛው ሌዊ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ እስራኤል። ቄስነትና ኮሄንነት አይምታታባችሁ። ኮሄን ከአባቱ በአሮን ዘር የሚቈጠር ነው፤ ቄስ ግን በትምህርትና በሹመት የሚደረስበት ማዕረግ ነው። አባትና ልጅ ወይም ሁለት ወንድማማች ተከታትለው እንዳይጠሩ የሚጠነቀቁ ምኩራቦች ብዙ ናቸው። ለልጃችሁ ቀን የክብር ዝርዝር ስታወጡ በመካከላቸው ሌላ ዘመድ አስገቡ።

ስትጠሩ በአጭሩ መንገድ ውጡ። አንባቢው የሚጀምርበትን ቃል ያሳያችኋል፤ በጣሊታችሁ (በጸሎት መጐናጸፊያችሁ) ጫፍ ነክታችሁ ሳሙት። ብራናውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ከዚያ «ባርኹ ኤት ሀሼም ሀምቮራኽ» ትላላችሁ፣ ማኅበሩ «ባሩኽ ሀሼም ሀምቮራኽ ለዖላም ቫዔድ» ይመልሳል፣ እናንተም ትደግሙታላችሁ። (እዚህ ለልምምድ «ሀሼም» ተብሎ ተጽፏል፤ በቦታው ግን «አዶናይ» ይባላል።) በምሥራቃውያንና በስፋራዲም ምኩራብ ከዚህ በፊት «ሀሼም ዒማኼም» ማለት ይቀድማል።

ከንባቡ በፊት፦ «ባሩኽ አታ ሀሼም፣ ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሀዖላም፣ አሼር ባሐር ባኑ ሚኮል ሀዓሚም ቭናታን ላኑ ኤት ቶራቶ። ባሩኽ አታ ሀሼም፣ ኖቴን ሀቶራ።»

ከንባቡ በኋላ፦ «ባሩኽ አታ ሀሼም፣ ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሀዖላም፣ አሼር ናታን ላኑ ቶራት ኤሜት፣ ቭሐዬ ዖላም ናታዕ ብቶኼኑ። ባሩኽ አታ ሀሼም፣ ኖቴን ሀቶራ።» ስፋራዲም «ኤት ቶራቶ፣ ቶራት ኤሜት» ይላሉ።

የተለመደው ስሕተት ሁለቱን ማለዋወጥ ነው። «መረጠን» በፊት፣ «ሰጠን» በኋላ ብላችሁ ያዙ። አንባቢው ሲያነብ እናንተም በለሆሳስ አብራችሁ አንብቡ፤ ባርካችሁ ዝም ማለት አይገባም። ንባቡ ሲያልቅ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ የሚቀጥለው ሰው እስኪጨርስ ቆዩ፣ ከዚያ በረጅሙ መንገድ ተመለሱ።

6. ሳምንት ሲያመልጥ

ታማችሁ፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ፣ ወይም ሥራ በዝቶባችሁ ሁለት ፓራሻ ቢያልፋችሁ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አታድርጉ፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ያለፈውን ልጨርስ ስትሉ የዘንድሮው ሁሉ ከማኅበሩ ጀርባ ይቀራል። መጀመሪያ የዚህን ሳምንት ያዙ። ዕዳውን በትርፍ ጊዜ፣ በተለይ በረጅሙ የበጋ ሰንበት ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ትንሽ ክፈሉት፤ እስከ ሲምሐት ቶራ ጊዜ አለው። የቀረውን የሚያስታውስ ወረቀት ሑማሹ ውስጥ ይኑር፤ የፓራሻው ስምና የቆማችሁበት ቍጥር ብቻ ይጻፍበት። ሰንበት ስለማይጻፍ ዓርብ ከመብራት በፊት አስተካክሉት።